ኮሎምበስን ማን ጀግና አደረገው?

በጁላይ 4 ቀን 2020 ምሽት፣ አሜሪካውያን የነፃነት ቀናቸውን ርችት እየተኮሱ በሚያከብሩበት ሰዓት፣ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ የተሰባሰቡ ተቃዋሚዎች የክሪስቶፈር ኮሎምበስን የእብነ በረድ ሐውልት በገመድ ጠልፈው ከመቆሚያው ላይ ጣሉት። ሐውልቱ መሬት ሲነካ ተሰባበረ። ስብርባሪውንም እየጎተቱ ወስደው ወደቡ ውኃ ውስጥ ከተቱት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር ነበር። ባልቲሞር ለኮሎምበስ ሦስት ሐውልት ያቆመች ከተማ ናት። የመጀመሪያው በ1792 የቆመ፣ ከጡብና ከልስን የተሠራ ረጅም ዓምድ ነው፤ ያሠራው የፈረንሳይ ቆንስላ የነበረ ሰው ሲሆን ያቆመውም በገዛ ርስቱ ላይ ነው። ሁለተኛው በ1892 የጣሊያን ተወላጆች ለከተማዋ ያበረከቱት ሲሆን መናፈሻ ውስጥ ይገኛል። ሦስተኛው፣ ወደብ ውስጥ የተጣለው፣ በ1984 ተሠርቶ በምረቃው ላይ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ተገኝተዋል።

ለአንድ ሰው፣ በአንድ ከተማ፣ ሦስት ጊዜ፤ በመካከላቸውም አንድ መቶ ዓመትና ከዘጠና ዓመት በላይ። ኮሎምበስ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያው የሞተ ሰው ነው፤ የተለወጡት ሐውልት ያስፈለጋቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬ አሜሪካ የነፃነት አዋጇን 250ኛ ዓመት በምታከብርበት በ2026፣ ማን ሐውልት ይገባዋል፣ የማን ስም ከግድግዳ ይውረድ የሚለው ሙግት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። በእኔ እምነት ይህን ሙግት ለመረዳት ሐውልቱ ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ ሐውልቱ የቆመበትን ዓመት ማንበብ ይጠቅማል።

ሰውዬው ምን ሠራ?

ኮሎምበስ በ1451 ጄኖቫ ውስጥ ከሱፍ ሸማኔ ቤተሰብ ተወለደ። ጥሩ መርከበኛ እንደነበር ጠላቶቹም አይክዱም፤ ነፋስና የባሕር ሞገድ ማንበብ ያውቅበታል። ሒሳብ ግን አልሆነለትም። በዘመኑ የነበሩ የተማሩ ሰዎች ምድር ክብ መሆኗን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የሚከራከሩት ስለ ስፋቷ ነበር። ኮሎምበስ ከካናሪ ደሴቶች እስከ ጃፓን ያለውን የባሕር መንገድ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በታች አድርጎ ገመተ፤ እውነተኛው ርቀት ወደ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የፖርቱጋል ንጉሥ አማካሪዎች ዕቅዱን ውድቅ ያደረጉት ድንቁርና ይዟቸው አልነበረም፤ ሒሳቡ ልክ አለመሆኑን አይተው ነው። በመካከል ማንም ያልጠበቀው አህጉር ባይኖር ኖሮ ሦስቱ መርከቦችና 90 ያህል ሰዎች ስንቃቸው አልቆ ባሕር ላይ ይቀሩ ነበር።

ፖርቱጋሎች የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። በ1488 ባርቶሎሜው ዲያስ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞረ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ንጉሣቸው ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለ ዓረብኛ ተናጋሪ ሰላይ የሕንድን ንግድና የ“ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስን” (በአውሮፓ ሲወራለት የነበረ የሩቅ አገር ክርስቲያን ንጉሥ) አገር ፈልጎ እንዲያገኝ ልኮት ነበር። ኮሎምበስ ካሪቢያን ላይ ወርቅ በሚያስስባቸው ዓመታት ኮቪልያ የኢትዮጵያ ነገሥታት ግቢ ደረሰ። ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ተከበረ፤ ወደ አገሩ እንዳይመለስ ግን ተከለከለ። በ1520 የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ያገኙት እዚሁ አርጅቶ ነው። በአንድ ዘመን ከተነሡት ሁለት መንገደኞች አንዱ የደረሰበትን ሕዝብ ባሪያ ሲያደርግ ሌላው የደረሰበት ቤት እንግዳ ሆኖ ቀረ። ልዩነቱ የጠባይ አይመስለኝም፤ እያንዳንዳቸው ፊት ለፊት የቆመው ኃይል ልዩነት ነው።

ኮሎምበስ በኦክቶበር 12 ቀን 1492 ዛሬ ባሃማስ በምትባለው አገር ጓናሃኒ የተባለች ደሴት ላይ ወረደ። የተቀበሉት ታይኖ የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ። በሦስተኛው ቀን በዕለት ማስታወሻው ላይ፣ 50 ሰዎች ብቻ ቢኖሩት ሁሉንም አስገብሮ የፈለገውን ማሠራት እንደሚችል ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት በ17 መርከቦች ከ1 ሺህ በላይ ሰዎችን ይዞ ተመለሰ። ያሰበው ወርቅ እንደ ተመኘው ሳይገኝ ሲቀር በ1495 ወደ 500 የሚጠጉ ታይኖዎችን ለባርነት ወደ ስፔን ጫነ፤ 200 ያህሉ መንገድ ላይ ሞቱ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የቃጭሉ ነገር ነው። አውሮፓውያን መኳንንት ለአደን በሚያሠለጥኑት ጭልፊት እግር ላይ የሚያስሩት ትንሽ የናስ ቃጭል ነበር። ኮሎምበስ በመጀመሪያው ጉዞው ይህንን ቃጭል በስጦታ ሲያድል ታይኖዎቹ ድምፁን እጅግ ወደዱት፤ አንዱን ለማግኘት ወርቃቸውን ይዘው እየቀዘፉ ይመጡ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ቃጭል የግብር መስፈሪያ ሆነ። ዛሬ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ባሉባት ሂስፓኒዮላ ደሴት ላይ፣ ወርቅ ይገኝበታል በተባለው አካባቢ የሚኖር ዕድሜው ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በየሦስት ወሩ አንድ ቃጭል ሙሉ የወርቅ ብናኝ እንዲያስገባ ታዘዘ። አብዛኛው ሰው ያን ያህል ወርቅ ከየት ያመጣል? ከወንዝ አሸዋ እያጠቡ ማግኘት የማይቻል ነበር። ተራራ የሸሸም፣ ራሱን የገደለም ብዙ ነው።

የደሴቲቱ ሕዝብ መጀመሪያ ስንት እንደነበር ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንደነበር ግን ብዙዎቹ ይስማማሉ። በ1514 ስፔናውያን ራሳቸው ሲቆጥሩ የቀረው 26 ሺህ ያህል ነበር። ብዙ ጊዜ “የጨረሳቸው በሽታ ነው” ይባላል። በሽታ ብዙ ሰው መግደሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፈንጣጣ ደሴቲቱ ላይ የገባው በ1518 መጨረሻ ነው፤ ከቆጠራው አራት ዓመት በኋላ። ሌሎች በሽታዎች ቀድመው ገብተው ሊሆን ይችላል። የማዕድን ሥራው፣ ረሃቡና ከበባው ግን ከሒሳቡ የሚወጡ አይደሉም።

“በዘመኑ መነጽር እንየው” የሚለው መከራከሪያም እዚህ ላይ ይደናቀፋል። የዘመኑ ሰዎች አይተውታልና። በ1500 የስፔን ነገሥታት የላኩት ሹም ፍራንሲስኮ ዴ ቦባዲያ ክሱን መርምሮ ኮሎምበስን በሰንሰለት አስሮ ወደ ስፔን ሰደደው። ነገሥታቱ ይቅር ቢሉትም የገዥነት ሥልጣኑን አልመለሱለትም። በ1502 ደሴቲቱ ላይ የደረሰው ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስም ግፉን እያየ መዝግቧል። ላስ ካሳስ ራሱ እስከ 1514 ድረስ የታይኖ ጉልበት የሚበዘብዝ ባለ ርስት ነበር፤ ከዚያም ታይኖዎቹን ለማዳን ሲል አፍሪካውያን ባሪያዎች እንዲመጡ ሐሳብ አቅርቦ በኋላ አጥብቆ ተጸጽቷል። ምስክሩም ንጹሕ አልነበረም ማለት ነው።

ኮሎምበስ በአራት ጉዞው ዛሬ ሃምሳዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ያሉበትን ምድር አልረገጠም። ፖርቶ ሪኮን አይቷል፣ የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካን ዳርቻ ነክቷል። በ1506 ሲሞት የደረሰበት እስያ እንደሆነ ያምን ነበር። ታዲያ ይህ ሰው የአሜሪካ አባት የሆነው በምን መንገድ ነው?

አገር አባት ስትፈልግ

መልሱ ያ የ1792ቱ የጡብ ዓምድ ላይ አለ። ከእንግሊዝ ጋር ስምንት ዓመት ተዋግታ ነፃ የወጣች አዲስ አገር መነሻ ታሪክ ያስፈልጋታል፤ ያ መነሻ ግን እንግሊዛዊ ሊሆን አይችልም። በ1497 ሰሜን አሜሪካ የደረሰው ጆን ካቦት የተጓዘው ለእንግሊዝ ንጉሥ ነው፤ ስለዚህ አይሆንም። ኮሎምበስ ግን ከለንደን ጋር ምንም ንክኪ የለውም፤ ንጉሥ የበደለው፣ በሰንሰለት የታሰረ፣ ብቻውን ያመነ ሰው ተደርጎ ሊሣል ይችላል። ኒው ዮርክ የነበረው የንጉሡ ኮሌጅ በ1784 ኮሎምቢያ ተባለ። በ1791 አዲሱ የፌዴራል መቀመጫ የኮሎምቢያ ዲስትሪክት የሚል ስም ወጣለት፤ ዲሲ የምንለው እሱን ነው። ከእንግሊዝ መለየት የፈለገ ሁሉ ኮሎምበስን ጠራ።

ሥዕሉን የጨረሰው ደራሲው ዋሽንግተን ኧርቪንግ ነው። በ1828 ባሳተመው የኮሎምበስ የሕይወት ታሪክ ውስጥ፣ አንድ ብልህ መርከበኛ አላዋቂ ቀሳውስትን ስለ ምድር ቅርጽ ሲሞግት የሚያሳይ ትዕይንት አስገባ። ለታሪኩ ማጣፈጫ የተጨመረ ነው። ነገር ግን ከትምህርት ቤት መጻሕፍት ገብቶ ዓለምን አዳረሰ። እኛም አገር “ምድር ጠፍጣፋ ናት ያሉትን አሳፍሮ” እየተባለ የተማረ ጥቂት አይደለም።

1892 ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጽሑፉ ትንሽ ቆም ማለት ይኖርበታል። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት፣ በማርች 1891፣ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የፖሊስ አዛዡን ገድላችኋል ተብለው ከተከሰሱት ጣሊያናውያን ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ያለው አንድም ሰው አልነበረም። በማግስቱ የተቆጣ ሕዝብ እስር ቤቱን ሰብሮ 11 ጣሊያናውያንን ገደለ። ጣሊያን አምባሳደሯን ጠራች፤ የአሜሪካ መንግሥት ኋላ ካሳ ከፈለ። በወቅቱ ጣሊያናውያን ስደተኞች እንደ ሙሉ ነጭ አይቆጠሩም ነበር፤ ካቶሊክነታቸው ደግሞ ሌላ መገፊያ ነበር። ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን የኮሎምበስ 400ኛ ዓመት በመላ አገሪቱ እንዲከበር በ1892 ሲያውጁ ስደተኞቹ ዕድሉን አልለቀቁትም። ዛሬም ያለው የኒው ዮርኩ ዝነኛ ሐውልት ያኔ የቆመው አንድ የጣሊያንኛ ጋዜጣ ከአንባቢዎቹ ባሰባሰበው መዋጮ ነው። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ይህችን አገር ያገኘው የእኛ ሰው ነው፤ እንግዶች አይደለንም።

ሪችመንድ ቨርጂኒያ ላይ የሆነው ይህን ይበልጥ ያሳያል። በ1920ዎቹ ጣሊያናውያኑ የኮሎምበስ ሐውልት ለማቆም ሲጠይቁ ከተቃወሙት መካከል የነጭ የበላይነት አቀንቃኙ ቡድን ኩ ክላክስ ክላን ነበር፤ ለካቶሊክ መጤ ሐውልት አይገባም ብሎ። ሐውልቱ በ1927 ቆመ። በጁን 2020 በዘረኝነት ላይ የተነሡ ሰልፈኞች ያንኑ ሐውልት ጥለው ሐይቅ ውስጥ ከተቱት። ሰልፈኞቹ ስለ ታይኖዎች ያሉት እውነት ነው። ጣሊያናውያኑ አዛውንትም “ይህ ድንጋይ ለአያቶቻችን መከታ ነበር” ሲሉ እውነት ይናገራሉ። እንደ እኔ የዛሬው ሙግት የሚከረው ሁለቱም ወገኖች ስለ ተለያየ ዓመት ስለሚናገሩ ነው፤ አንዱ ስለ 1495፣ ሌላው ስለ 1891።

ከዚያ በኋላ ያለው የሕግ ታሪክ አጭር ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1934 ቀኑ በየዓመቱ እንዲከበር አወጁ፤ በ1968 የወጣ ሕግም ከ1971 ጀምሮ የኦክቶበር ሁለተኛ ሰኞ የፌዴራል በዓል እንዲሆን አደረገ። የነባር ሕዝቦች ተወካዮች በ1977 ጄኔቭ ላይ ቀኑ ስሙ እንዲቀየር ጠየቁ፤ የካሊፎርኒያዋ በርክሌይ በ1992 የነባር ሕዝቦች ቀን ብላ ቀየረችው፤ ብዙ ከተሞችና ግዛቶች ተከተሉ። ጆ ባይደን በ2021 ለሁለቱም መግለጫ አወጡ። ዶናልድ ትራምፕ በ2025 ለኮሎምበስ ብቻ አወጡ። የባልቲሞሩ ሐውልት ስብርባሪም ከውኃ ወጥቶ አምሳያው እንደገና ተቀርጿል።

ሐውልትና ሰሌዳ

“ታሪክ አይሰረዝ” የሚለው ቃል ከ2020 ጀምሮ ያልተደጋገመበት ቀን የለም። ሐውልት ግን ታሪክ አይነግርም፤ ያከብራል እንጂ። ፈረስ ላይ ወይም መርከብ ላይ የቆመ ሰው ከሥሩ ስሙና ዓመቱ ብቻ ተጽፎ ይታያል፤ ስለ ቃጭሉ አንዲት መስመር የለም። ታሪክ የሚነገረው ሰሌዳ ላይ፣ ሙዚየም ውስጥ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ሐውልትን ማንሣትና ሰሌዳን ማንሣት ስለዚህ እኩል አይደሉም።

ይህን ልዩነት ፊላዴልፊያ ላይ በግልጽ አየነው። ከተማዋ ከ1790 እስከ 1800 የአገሪቱ ዋና ከተማ ነበረች፤ ጆርጅ ዋሽንግተን የኖሩበት ቤት መሠረቱ ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ በ2010 ክፍት ኤግዚቢሽን ሆነ። ዋሽንግተን በዚያ ቤት ዘጠኝ ሰዎችን በባርነት ይዘው ነበር፤ ሰሌዳዎቹ የእነሱን ታሪክ ይናገራሉ። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የአገሪቱ ታሪካዊ ቦታዎች አሜሪካውያንን ከሚያንኳስስ ነገር እንዲጸዱ ትእዛዝ ፈረሙ። በጃንዋሪ 2026 የብሔራዊ ፓርኮች ሠራተኞች ሰሌዳዎቹን ከግድግዳው ላይ ነቅለው ወሰዱ። ከተማዋ ከሰሰች፤ በፌብሩዋሪ አንዲት የፌዴራል ዳኛ ሰሌዳዎቹ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ አዘዙ፤ መንግሥትም ይግባኝ አለ።

ከዘጠኙ አንዷ ኦና ጃጅ ነበረች፤ የማርታ ዋሽንግተን ደንገጡር። ታሪኳን መናገር የሚያስፈልገው የሰሌዳው ጠብ ስለ ምን እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው። የፔንሲልቬንያ ግዛት በ1780 ባወጣው ሕግ መሠረት ከሌላ ግዛት የመጣ ጌታ ባሪያውን ከስድስት ወር በላይ እዚያ ካቆየው ባሪያው ነፃነቱን መጠየቅ ይችላል። ዋሽንግተን ሕጉን ያውቁ ነበር። ስድስት ወሩ ሳይሞላ ሰዎቹን ለጥቂት ቀናት ከግዛቱ ያስወጡና ቆጠራው እንደገና ከአንድ እንዲጀምር ያደርጉ ነበር። ይህም ባሪያዎቹም ሕዝቡም እንዳያውቁት በሰበብ እንዲሆን ለጸሐፊያቸው በደብዳቤ አዘዋል።

ኦና ለማርታ የልጅ ልጅ የሠርግ ስጦታ ልትሆን መሆኑን ሰማች። በሜይ 21 ቀን 1796 ቤተሰቡ ራት ሊበላ ማዕድ ላይ እንደተቀመጠ በበር ወጥታ ሄደች። ዕቃዋን አስቀድማ የከተማዋ ነፃ ጥቁሮች ቤት አስቀምጣ ነበር። በመርከብ ኒው ሃምፕሻየር ገባች። ፕሬዚዳንቱ በጋዜጣ አሥር ዶላር ወረታ አስነገሩ፤ የጉምሩክ ሹሙን ልከው ሊያስመልሷት ሞከሩ። እሷ፣ ጌቶቿ ሲሞቱ ነፃ እንደምትወጣ ቃል ከተገባላት እንደምትመለስ ተናገረች። ዋሽንግተን ከባሪያ ጋር እንዲህ ያለ ድርድር አይገባም ብለው እምቢ አሉ። በድህነት ኖራ፣ ባሏንና ልጆቿን ቀብራ፣ በ1848 እስክትሞት ድረስ ማንም አልመለሳትም። በሕግ ፊት ግን እስከ ዕለተ ሞቷ የሸሸች ባሪያ ነበረች።

ይህ ታሪክ ዋሽንግተንን ያሳንሳቸዋል? ያሳንሳቸዋል፤ ማሳነስም አለበት። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ “ሰውየው ይኼው ብቻ ነበሩ” ማለት ደግሞ ሌላ ስንፍና ነው። የግራውም ወገን ከዚህ ስንፍና ነፃ አይደለም። በኦክቶበር 2020 ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ ሰልፈኞች የባሪያ ነፃነት ያወጁትን የአብርሃም ሊንከንን ሐውልት ጣሉ፤ በዚያው ሌሊት የኦሪገን ታሪክ ማኅበርን መስኮቶች ሰበሩ። ከውስጥ የወሰዱት ጥቁር ሴቶች በ1970ዎቹ ስለ ጥቁሮች ታሪክ የሰፉትን ባለ ሥዕል የአልጋ ልብስ ነበር፤ ጥቂት ርቀት ላይ መንገድ ዳር ዝናብ ሲወርድበት ተገኘ። ታሪክ ተሰረዘ ከተባለ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ደመወዝ ያልተከፈላቸው

ክርክሩ በትልልቆቹ ስሞች ዙሪያ ሲሽከረከር በጉዞው ውስጥ የነበሩት ሌሎች ሰዎች ተረስተው ይቀራሉ። በ1528 ፍሎሪዳ ላይ ወርደው ወደ መሀል አገር ከዘለቁት ወደ 300 የሚጠጉ የስፔን ዘመቻ ሰዎች መካከል ከስምንት ዓመት መንከራተት በኋላ ሜክሲኮ በሕይወት የገቡት አራት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከሞሮኮዋ አዘሙር የመጣ ኤስቴባን የሚባል አፍሪካዊ ባሪያ ነው። ከነባሮቹ ጋር የሚነጋገረው፣ መንገድ የሚጠይቀው እሱ ነበር። በ1539 እንደገና ወደ ሰሜን ተልኮ፣ ዛሬ ኒው ሜክሲኮ በሚባለው ምድር ዙኒ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ገደሉት። ከአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ቀድመው ከደረሱት የውጭ ሰዎች አንዱ አፍሪካዊ መሆኑን ስንቱ ያውቃል?

ዮርክ ደግሞ አለ። ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በ1803 ሉዊዚያና የተባለውን ሰፊ ግዛት ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ከገዙ በኋላ ሜሪዌዘር ሉዊስንና ዊልያም ክላርክን እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ድረስ ላኩ። ጉዞው ከ1804 እስከ 1806 ፈጀ። ዮርክ የክላርክ ባሪያ ነበር፤ ከልጅነታቸው አብረው ያደጉ። ጠመንጃ ይዞ አደነ፣ ጀልባ ቀዘፈ፣ የታመመ አስታመመ። በኖቬምበር 1805 ክረምቱን የት እንክረም የሚል ጥያቄ ሲነሣ የሁሉም ሰው ድምፅ ተመዘገበ፤ የዮርክና የሾሾኒዋ ሴት የሳካጋዌያ ሐሳብም ተጻፈ። ሕፃን ልጇን አዝላ የተጓዘችው ይህች ወጣት ለመንገዱ ያደረገችው ብዙ ነው።

ጉዞው ሲያልቅ ሒሳብ ተሠራ። ተራ ወታደሮች ለወር 5 ዶላር ይታሰብላቸው ነበር፤ እሱ በእጥፍ ተከፈላቸው፣ እያንዳንዳቸውም 320 ኤከር መሬት አገኙ። የሳካጋዌያ ባል 500 ዶላር ከ33 ሳንቲምና መሬት ተቀበለ። እሷ ምንም አላገኘችም። ዮርክም ምንም።

ዮርክ ነፃነቱን ጠየቀ። ካልሆነም ሚስቱ ወዳለችበት ሉዊቪል ሄዶ ተከራይቶ እንዲሠራ እንዲፈቀድለት ለመነ። ክላርክ ለወንድሙ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ላይ ዮርክ “አኩርፎ” እንዳስቸገረውና ክፉኛ እንደገረፈው ይናገራል። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1832፣ አንድ እንግዳ ስለ ዮርክ ሲጠይቀው ክላርክ ነፃ አውጥቼው ነበር፣ ንግዱ አልሆነለትም፣ ነፃነቱን እየረገመ ወደ እኔ ሲመለስ ኮሌራ ገደለው ብሎ መለሰ። ለጌታ የሚመች መልስ ነው፤ የታሪክ ሊቃውንት በጥርጣሬ ያዩታል። መልሱን ማስታወሻው ላይ ያሰፈረው እንግዳ ያው የኮሎምበሱ ዋሽንግተን ኧርቪንግ ነው።

ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በጃንዋሪ 2001 ዮርክን የክብር ሳጅን አደረጉት። በፌብሩዋሪ 2021 ደግሞ ማን እንዳቆመው ሳይታወቅ ፖርትላንድ ውስጥ፣ ሌላ ሐውልት የወደቀበት ባዶ መቆሚያ ላይ የዮርክ ትልቅ ግማሽ አካል ሐውልት ብቅ አለ። ሰው አበባ ይዞ መጣ፤ ከተማዋም ተወችው። በጁላይ ጥለው ሰበሩት። በዚያው ወር ሻርሎትስቪል ከተማ የሉዊስና የክላርክን ሐውልት ከቦታው አነሣች፤ ሳካጋዌያ ከሁለቱ ኋላ አጎንብሳ የተቀረጸችበትን።

አሜሪካ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ይህ ሁሉ የሌላ ሰው ጠብ ሊመስለው ይችላል። ዜግነት ለመውሰድ ሲያመለክት ግን ፈታኙ ፊት ይመጣበታል። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ያመለከተ ሰው ከ128 ጥያቄዎች እስከ 20 ተጠይቆ 12 መመለስ አለበት። አውሮፓውያን ሳይመጡ አሜሪካ ውስጥ እነማን ይኖሩ ነበር? የነፃነት አዋጁን ማን ጻፈ? ለባርነት ተይዘው የመጡት እነማን ናቸው? ጄፈርሰን በጥያቄና መልሶቹ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይነሣሉ፤ በሕይወት ዘመናቸው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት መያዛቸውን ግን የሚጠይቅ የለም። ሦስት ብሔራዊ በዓላት ጥቀስ የሚልም አለ። የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት በ2019 የኦክቶበሩን ሰኞ የነባር ሕዝቦች ቀን ብሎ ሰይሞታል፤ የከተማው መሥሪያ ቤት በዚህ ስም ይዘጋል፤ መንገድ ተሻግሮ ያለው የፌዴራል ቢሮ ደግሞ የኮሎምበስ ቀን ብሎ ይዘጋል። ለፈተናው ከተዘጋጁት ትክክለኛ መልሶች ዝርዝር ውስጥ የተጻፈው ሁለተኛው ነው።